ፎቶ የቀረው ካርድ

ለተከበሩ ሰርዳር መልኪያት ሲንግ፤
የ«ሰማይ በር» የጉዞና የነዋሪነት ጉዳይ አማካሪ ቢሮ ባለቤት፣ የጉርድዋራችን (የሲኮች ቤተ ጸሎታችን) ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በመጪው እሑድ ምርጫም ለሦስተኛ ዘመን እጩ፤
ሰሪ፣ ካናዳ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። አምላካችን ዋሄጉሩ ዕድሜዎን ያርዝም፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎትን ጉልበት ያጽናልዎት፣ በተለይ ደግሞ ዓይንዎን ይባርክልዎት። ካሜራ ከመንገድ ማዶ የሚለየው ዓይንዎ፣ ከክንድዎ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ፖስታ ለማየት አምስት ወር ሙሉ እንደተቸገረ በቅርቡ ስለተረዳሁ፣ ለዓይንዎ ከልቤ አዝኛለሁ።

ምናልባት ከባለጉዳይዎ ብዛት የተነሣ ካላስታወሱኝ፣ እኔ ፓራምጂት ካውር ነኝ። ሰፈሩ ፓሚ ይለኛል፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ካናዳዊ ዜጋም ነኝ። ባለቤቴን ናይብ ሲንግን ግን እንደማይረሱት እርግጠኛ ነኝ፤ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ፣ ሁለተኛው ረድፍ ውስጥ፣ እርስዎ በፈገግታ ላዱ የሚባለውን ድብልብል ጣፋጭ ሲያጎርሱት፣ እሱ ደግሞ ትልቁ ላዱ ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ዓይኑ እንባ አቅርሮ የሚታየው ሰውዬ እሱ ነው። የመጀመሪያውን የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ከእጅዎ የተቀበለ ቀን የተነሣው ነው። «ደስታ አስለቅሶት ነው» እያሉ ለመጣው ባለጉዳይ ሁሉ እንደሚናገሩ ሰምቻለሁ፤ ታንቆ ነበር።

ይህን ደብዳቤ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለብቻዎ ላቀብልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ክቡርነትዎ ማንኛውም ነገር በሰው ፊት ሲሆን እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ ልማድዎን ማክበር ይሻላል ብዬ ነው። ውለታዎን እንግዲህ በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ አንዱም እንዳይዘነጋብኝ።

አንደኛ። ባለፈው ጃንዋሪ የባለቤቴ ካርድ ሊያልፍበት ሦስት ወር ሲቀረው የማሳደሻውን ማመልከቻ እርስዎ ዘንድ አስገባን። «ለምን ዜግነቱን ወስዶ አይገላገልም?» ብለው ጠይቀውን ነበር፤ ባለቤቴም «እናቴ በሕይወት እያለች ፓስፖርቴን አልለውጥም፣ ቃሌ ነው» አለዎት። ክቡርነትዎም ደረትዎን መትተው «ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» አሉት። መልሱ ወደ ቤታችን ሳይሆን ወደ ቢሮዎ እንዲመጣ አድራሻዎን ሞሉበት፤ እኛም ፈረምን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የራሱ ደጃፍ ያለው ሰው ፖስታውን በሰው ደጃፍ ማስጣል አልነበረበትም።

በፌብሩዋሪ አማቴ አገር ቤት፣ ሕንድ ፑንጃብ ውስጥ ከጣሪያ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለመሄድ ስንጣደፍ ቢሮዎ ድረስ መጣን፤ ቃልዎን እንደወረደ አስቀምጠዋለሁ፤ «ምን ያስጨንቃችኋል? ካርዱ እንደመጣ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እልክላችኋለሁ፤ በየሳምንቱ ስንት ሰው ይሄድ የለ! እናታችሁን አስታምሙ» አሉን። እኛም በአክብሮት እግርዎን ነክተን ሄድን።

ሁለተኛ። ከሞጋ ከተማ ማዶ ካለው መንደራችን ሆነን አሥራ አንድ ጊዜ ደወልን። አንድ ጊዜ «መንገድ ላይ ነው» አሉን፤ አንድ ጊዜ «ዛሬ ነገ ነው» አሉን፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የልጃችንን የመህታብን ሠርግ ጠይቀውን አበባውን ማን እንደሚያመጣ ሲያማክሩን የካርዱ ነገር ተረሳ። አሮጌው ካርድ ኤፕሪል ላይ አለፈበት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ የቢሮዎን ስም «ሰማይ በር» ያሉበት ምክንያትም ያኔ ገባኝ።

የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ካርድ ለሌለው የአንድ ጊዜ የጉዞ ወረቀት አለ፤ አሁኑኑ አመልክቱ» ብላ ስትወተውተን ደግሞ ምክርዎን ጠየቅን። «ኧረ እንዳትነኩት!» አሉ። «ሁለት ማመልከቻ ከገባ እርስ በርሱ ይጣረሳል። ደግሞስ የካናዳ ዜጋ ሚስት አስከትላው የሚሄድን ባል ማን ያቆመዋል? ፓሚ ከፊት ትምራ፣ አንተ ከኋላ ተከተላት፣ በቃ!»

ሦስተኛውን ለጊዜው ዘልዬዋለሁ። ኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ። ሠርጉ እዚህ ሰሪ፣ የኦገስት የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለነበር፣ እኛ ደልሂ አውሮፕላን ማረፊያ የደረስነው አምስት ቀን ሲቀረው ነው። ሻንጣችን ውስጥ ከሁሉ የከበረው አንድ ጥቅል ጨርቅ ነበር። ባለቤቴ ሞጋ ገበያ ውስጥ ሦስት ቀን ተመላልሶ ያስነከረው ሮዝ ጨርቅ ነው፤ ከአንዱ ጣቃ ግማሹ የእሱ ጥምጣም፣ ግማሹ የልጃችን የሠርግ ሻርፕ እንዲሆን። ያ ሻርፕ ምን እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ ጫፉን ከሙሽራው ትከሻ አንሥቶ በሙሽሪት እጅ የሚያስጨብጣት አባቷ ነው። አባት በልጁ ሠርግ ላይ ሌላ ሥራ የለውም። ድንኳኑን ሌላ ይተክላል፣ ምግቡን ሌላ ያበስላል፣ ያቺን ጫፍ ግን አባት ነው የሚያስጨብጠው። ናይብ ሲንግ ለዚያች አፍታ ሲል ቆዳ ጫማ ገዝቶ መንደር ለመንደር ሲያለማምደው ነበር፤ እንዳይጮህበት።

በምክርዎ መሠረት እኔ ከፊት መራሁ፣ እሱ ከኋላ ተከተለኝ። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራችን ከኋላዬ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መግቢያ ላይ የነበረችው ልጅ ካርዱን ገልብጣ አየችው፤ አፈረች መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ አክስቷ አክብራ «አንቲ ጂ፣ እርስዎ ይለፉ። አንክል ግን አይችሉም፤ ካርዳቸው አልፎበታል» አለች።

«ያለፈበት ካርዱ ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም» አልኳት።

«ገባኝ አንቲ ጂ። ግን እኔ የማሳፍረው ካርዱን አይቼ ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በእርስዎ ጥፋት በዚያች ምስኪን ልጅ ላይ ጮህኩባት። እዚህ ላይ ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው። ባለቤቴ ግን አልጮኸም። ሻንጣውን መሬት ላይ አጋድሞ ከፈተው፤ ሻርፑን ለእኔ ሰጠኝ፣ ጥምጣሙን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«አልሄድም» አልኩት።

«ትሄጃለሽ። መህታብ ሁለታችንንም ከምታጣ እናቷን ታግኝ። ሂጂ ፓሚ፣ ሰው አታዘግዪ።»

ሠርጉ ለምን አልተላለፈም ለሚሉ አንባቢዎች፣ የሙሽራው አያቶች ከእንግሊዝ ገብተው ነበር፤ አራት መቶ ሰው ተጠርቷል፤ መህታብ «አባዬ ካልመጣ አልዳርም» ብላ ስታለቅስ በስልክ የተቆጣት ራሱ ባለቤቴ ነው። «የጠራነውን እንግዳ አንመልስም። ዋ! እንዳታዋርጂኝ» አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ምን እንደሆነ የነገሩኝ አማቴ ናቸው፤ እሱን ለራሴ ላስቀረው።

አምስተኛ፤ ወይም ያ የዘለልኩት ሦስተኛ፤ እርስዎ እንደፈለጉ ይቁጠሩት።

በሠርጉ ዕለት ጉርድዋራው ሞልቶ፣ ልጄ ከሙሽራው ጎን ተቀምጣ፣ የአባትየው ሰዓት ደረሰ። በቤተሰብ መክረን የአባቷን ቦታ የእናት ወንድም፣ ማለትም ወንድሜ ሞሃንጂት እንዲይዝ ወስነን ነበር። ወንድሜ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ክቡርነትዎ ማይክሮፎኑን አነሡ። «የዚህች ልጅ አባት ባለመኖሩ ሁላችንም አዝነናል» አሉ፤ «ነገር ግን የማኅበረሰቡ አባት እያለ ልጃችን አባት የላትም አይባልም» ብለው ሻርፑን አንሥተው ለልጄ አስጨበጧት። አንሥተው ወዲያው አልለቀቁም፤ ፎቶ አንሺዎ በግራ በኩል ዞሮ እስኪመጣ ያዙት። እኔ ሴቶች ከተቀመጡበት ሆኜ ቆጠርኩ፤ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ።

በቅዱስ ስፍራ ነበርንና ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ምስጋና ቆጥረው ከምሳ በኋላ እንደ ምርቃት ራሴን ዳሰሱኝ።

ባለቤቴ መንደር ሆኖ፣ ሮዝ ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ ያንን ቆዳ ጫማ ተጫምቶ፣ ከእናቱ አልጋ አጠገብ በስልክ ይመለከት ነበር። አማቴ እንደነገሩኝ ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ካርዴን በአራት ወር ፈልጎ ያላገኘ ሰው፣ የልጄን እጅ በምን ፍጥነት አገኘው?»

ክቡር ሆይ፣ የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ቢሮዎ ውስጥ ነው።

ከሠርጉ በኋላ በእህቴ ልጅ ብርታት ያንን «እንዳትነኩት» ያሉንን የጉዞ ወረቀት አመለከትን፤ ምንም ነገር ከምንም ነገር ጋር አልተጣረሰም። በአራተኛው ሳምንት ወጣ። ደልሂ ድረስ ተመልሼ ሄጄ ባለቤቴን ከኋላዬ ሳይሆን ከጎኔ አድርጌ አመጣሁት። በማግስቱ፣ «እስቲ የካርዱን ነገር እንጠይቅ» ብለን ቢሮዎ ጎራ አልን። እርስዎ ለምርጫው ቅስቀሳ ወጥተው ነበር፤ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ኪራን ተቀበለችን።

ስማችንን ስንነግራት ፊቷ በራ። «ውይ፣ እናንተ ናችሁ እንዴ! ስጠብቃችሁ ከረምኩ እኮ፤ ፎቶ ብቻ ነው የቀራችሁ» አለችና የእርስዎን ጠረጴዛ መሳቢያ ሳበችው።

ፖስታው እዚያ ነበር። የደረሰበት ቀን ማኅተም ኤፕሪል ሦስት ይላል፤ አሮጌው ካርድ ገና አላለፈበትም ማለት ነው። በላዩ ላይ በእጅ ጽሑፍዎ «ፎቶ ይቀራል» የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሥሩ ሌሎች አሥራ አንድ ፖስታዎች ነበሩ፤ ሁሉም ላይ ያው ቃል።

ኪራን ደንቡን አስረዳችን። ማንም ባለጉዳይ አጠገብዎ ቆሞ፣ ላዱ ጎርሶ፣ ለግድግዳውና ለጋዜጣው ማስታወቂያ ፎቶ ሳይነሣ ካርዱን አይቀበልም። «ሰው አገር ቤት ከሆነስ?» አልኳት። «ሲመለስ ይነሣል» አለች። «ካርድ ሳይኖረው እንዴት ይመለሳል?» አልኳት። ምስኪን፣ ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋት አያውቅም።

እርስዎም በዚያው ቅጽበት ገቡ። ባለቤቴን ሲያዩ እጅዎን ዘርግተው «ናይብ! ተመለስክ! ኪራን፣ ፎቶ አንሺውን ጥሪው፣ ላዱም አስመጪ!» አሉ። እንዲህ ያለ ፊት ዋሄጉሩ ለሁሉም አይሰጥም። መሳቢያውን ሳሳይዎት ደግሞ ጥቂት እንኳ ሳይደነግጡ «የቢሮዬ ደንብ ነው፤ ለአንድ ሰው ብዬ አላፈርስም» አሉኝ። ባለቤቴ ግን አላየዎትም። ከጀርባዎ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያየው። እዚያ፣ በመጀመሪያው ረድፍ መካከል፣ ከሁሉ ተለቅ ባለ ክፈፍ፣ ልጁ መህታብና እርስዎ ነበራችሁ፤ ሻርፑም በእጅዎ። ከሥሩ በወርቅ ቀለም «የማኅበረሰቡ አባት፤ መልኪያት ሲንግን ይምረጡ» ይላል።

ባለቤቴ ካርዱን ከፖስታው አወጣ፣ ቢጫውን ወረቀት ልጦ ጠረጴዛዎ ላይ ለጠፈው፣ ወጣ። እኔ ሆድ ይፍጀው የምል ሴት ብሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አይደለሁም።

ስለዚህ ምስጋናዬን ላቅርብ። ባለቤቴን ከእናቱ ጋር ስድስት ሳምንት ተጨማሪ ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ፤ አማቴ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መራመድ የጀመሩት በዚያ ጊዜ ነው፤ ክፉ ሰው ሳያስበው ደግ ይሠራል። ወንድሜ ሰው ፊት መቆም ስለሚያሳፍረው ከጭንቅ ስለገላገሉት አመሰግናለሁ። መዋጮ ሲጠየቅ ብቻ ስብሰባ የምመጣውን እኔን የኮሚቴውን መተዳደሪያ ደንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳነብ ስላደረጉኝ ደግሞ በተለየ ሁኔታ አመሰግናለሁ። አንቀጽ ዘጠኝ እንዴት ያለ የሚጥም ነገር መሰለዎት! ማንኛውም የተመዘገበ አባል፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ እጩውን በጉባኤው ፊት ቆሞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል ይላል። የሰዓት ገደብ የለውም።

አሥራ አንዱ ፖስታዎችም ባለቤቶቻቸው ዘንድ ደርሰዋል። ኪራን ያን ዕለት አንድ በአንድ ደውላ አስረክባ፣ ቁልፍዎን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሥራዋን ለቃለች፤ ስለዚህ ሊቀጧት አይድከሙ። ካርዳቸውን ከተቀበሉት አንዷ ባሏ ከሞተ ሁለት ወር ያልሞላት ሴት ናት፤ «ሐዘን ላይ ሆኜ ጣፋጭ ጎርሼ ልሳቅ?» ብላ ስለለመነችዎት ነበር የቀረባት። አንደኛው የረጅም መንገድ ጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ፎቶ አንሺዎ በሚገባበት ዓርብ እሱ ሁልጊዜ ካልጋሪ ከተማ ነው። አሥራ አንዱም የጉርድዋራው አባላት ናቸው፤ አሥራ አንዱም ዘመድ ወዳጅ አላቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ያንን ፎቶ ከግድግዳዎ፣ ከበራሪ ወረቀትዎና ከካላንደርዎ ላይ ከእሑድ በፊት ያውርዱ። አባት ስላልነበረ ማዘን ይቻላል፤ አባትን አስቀርቶ በቦታው ቆሞ ምረጡኝ ማለት ግን ነውር ነው፤ በእኛም አገር፣ በየትም አገር።

ይቅርታዎን አልጠይቅም፤ ይቅርታ ላደርግልዎም አልመጣሁም። ባለፈው እሑድ መህታብ ባሏን ይዛ እቤት መጣች፤ ሻርፑንም በሻንጣ ይዛ መጣች። ባለቤቴ ጥምጣሙን ጠመጠመ፤ ጫማውንም ተጫማ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ቆመው፣ ጫፉን ከባሏ ትከሻ አንሥቶ እጇ ላይ አስጨበጣት፤ እሷም ጣቶቹን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ሁላችንም አለቀስን፤ ደስታ አይደለም፣ መታነቅም አይደለም። ማንም ስልክ አላወጣም። ይህን የምነግርዎ፣ ፎቶ ሳይነሣ የሚፈጸም ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ክቡርነትዎ ምናልባት ሳይሰሙ ቀርተው ከሆነ ብዬ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ እግርዎን ዳግመኛ ላልነካ ቃል በመግባት፣ ለጤናዎ ሳልሰለች እየጸለይኩ፣

የመህታብ እናት፣ የናይብ ሲንግ ሚስት፣
ፓራምጂት ካውር
በጉርድዋራው መዝገብ የተመዘገበች አባል

ማስታወሻ፦ ለእሑድ አውቶቡስ ተከራይቻለሁ፤ ራሴ እነዳለሁ፤ አሥራ ሁለቱም ቤተሰብ ከነዘመዱ ይሳፈራል። አንቀጽ ዘጠኝን መሠረት አድርጎ የሚጠይቅዎ ናይብ ሲንግ ነው፤ በሠርጉ ዕለት ከእናቱ አልጋ አጠገብ የጠየቀውን ያንኑ ጥያቄ እዚህ ጋዜጣ ላይ አንብበውታልና ለመልሱ ጊዜ አላነሰዎትም። የሊቀመንበርነት ዘመንዎን ለማሳደስ ያስገቡትን ማመልከቻ በተመለከተም አባላቱ ተነጋግረንበታል፤ ሁሉም ነገር የተሟላ ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ ዛሬ ነገ ነው፤ አይጨነቁ። ፎቶ ብቻ ነው የቀረዎት።